በዝግታ የሚዞር ሸክላ

የካቲት 6

ይድረስ ለእሜቴ፣

እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት ጀመረ ወይስ አሁንም ይለግማል? እኔ ደህና ነኝ። ደህና የሚያሰኝ ነገር ባይኖርም ደህና ነኝ ይባላል።

"ሱቁን እያፈረስክ ነው የሚባለው እውነት ነው?" ብለሻል። ማን እንደነገረሽ እንጃ፤ መቼም ወሬ እግር አለው። እውነት ነው፤ መደርደሪያዎቹን አንድ በአንድ እያወረድኩ ነው። ልጄ "አባዬ፣ ብቻህን ከሬዲዮ ሬሳ ጋር ምን ትሠራለህ? እኛ ጋ ና" ማለት ከጀመረ ቆየ። አሁን ደግሞ ለቤቱ ገዢ አግኝቷል። ሰውዬው ዳቦ ጋጋሪ ነው፤ ፊት ለፊት ያለውን ክፍል፣ ማለትም ሱቄን፣ ምድጃ ሊተክልበት ጓጉቷል። እስከ ግንቦት መጨረሻ ቁርጡን ንገረኝ ብሎኛል።

ቁርጡ ግን በእኔ እጅ አይደለም፤ በማን እጅ እንደሆነ ታውቂዋለሽ። የልጆቼ እናት ነፍሷን ይማርና ካረፈች ወዲህ ሳስብ ሳሰላስል ቆይቼ፣ ባለፈው ደብዳቤዬ "ነይና የቀረንን ዕድሜ አብረን እንኑር፤ ከመጣሽ ቤቱን አልሸጥም" አልኩሽ። አንቺ ስለ አየሩ ጠባይ ሁለት ገጽ ጻፍሽልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔም አለቅም።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ግን ለሌላ ነው። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከተቃጠሉት ትራንስፎርመሮች ኋላ፣ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? ሐዘንተኛውን! አዎ፣ በወጣት ክበባችን የምንደንስበትን የሐዘንተኛውን ሸክላ! ሽፋኑን ጥግ ጥጉን አይጥ ቀምሶታል እንጂ ሸክላው አንድ ጭረት የለበትም። አራቱ ፈረንጆች ሽፋኑ ላይ አሁንም ያን ፍሪጅ የሚያክል፣ ሲንተሳይዘር የሚሉትን የሙዚቃ መሣሪያ ከበው ቆመዋል። ዓይናቸውን ተኩለዋል፤ ትከሻው ቁም ሳጥን የመሰለ ኮታቸውንም አላወለቁም። "ይሄን ኮት የሰፋ ሰው መታሰር አለበት" ያልሽው ትዝ ይልሻል? ያኔ ገና መርፌ አያያዝ እየተማርሽ ነበር፤ ምላስሽ ግን ቀድሞ ሠልጥኖ ነበር።

ያ አውሮፓዊ የጥርስ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ለክበቡ ትቶት የሄደው ነው። ከእሱ ሸክላዎች ሁሉ ይህን ብቻ ወደድን። ያ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ወፍራም ድምፅ! ቋንቋው አይገባን፤ ግን እናዝንለት ነበር። አንቺ "ሚስቱ ሞታበት ነው" ስትይ፣ እኔ "የለም፣ መርከበኛ ነው፣ አገሩ ናፍቆት ነው" ስል እንከራከር ነበር። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ደወልስ? ደወሉ በመታ ቁጥር ተደናሽ መቀየር የክበቡ ሕግ ነበር። በእያንዳንዱ ደወል ከእጄ ትወጫለሽ፤ በመጨረሻው ደወል ግን ሁልጊዜ ወደኔ ትመለሺ ነበር። አሰላለፉን እንዴት አድርጌ እንደማመቻቸው ዛሬም አልናገርም።

የማጫወቻዬ ቺንጋ፣ ያ የሚያዞረው ጎማ፣ ተበጥሷል፤ ሌላ እስካገኝ ድረስ ሸክላውን እያየሁት ብቻ ነው። የሽፋኑን ፎቶ ለወንድምሽ ልጅ በስልክ ልኬላታለሁ። አንቺ ስልክ አለማንሳትሽን ለምጄዋለሁ። ግን አንድ ቀን ድምፅሽን ብታሰሚኝ ምናለበት?

ያንቺው መሐንዲስ


የካቲት 21

አንድ ሬዲዮ ፈትቶ ስለገጠመ ብቻ መሐንዲስ ለተባለው ወዳጄ፣

ሰላምታዬ በያለህበት ይድረስህ። ስለዘገየሁ ይቅርታ፤ የሰርግ ወቅት ነው። አጃቢዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀሚስ ይፈልጋሉ፤ ወገባቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጣቴ መርፌ በመርፌ ሆኗል።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ደግመህ ጠየቅከኝ። ስልክ የችኩል ሰው ነገር ነው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደብዳቤ ላይ ስሰድብህ እንኳ አስቤበት ነው የምሰድብህ።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ፤ ተቀምጠህ አንብብ። የወንድሜ ልጅ የላክከውን የሽፋኑን ፎቶ ይዛ ስልኳን ስትጎረጉር አመሸች። (ያቺ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ዛሬ ባንክ ቤት ተቀምጣ ሰው ታሰልፋለች፤ ቤት ስትገባ ግን አሁንም ጫማዋን የምትጥለው መሃል ላይ ነው።) አገኘችው! ከአውሮፓ የአንዲት ትንሽ አገር ልጆች ናቸው አሉ። ይህን አንድ ሸክላ አሳትመው ተጣልተው ተበታተኑ፤ በገዛ አገራቸው እንኳ የሚያውቃቸው የለም። አሁን የዛሬ ወጣቶች ከአንድ ምድር ቤት ቆፍረው አውጥተውት እንደ አዲስ ታትሟል። እኛ ግን ያኔውኑ አውቀንላቸው ነበር፤ ይህን የሚጽፍላቸው ሰው አጡ እንጂ።

እናልህ ከፈተችው። መሐንዲሱ፣ ሐዘንተኛው ሴት ነች!

እየቀለድኩ አይደለም። ሴት፣ ያውም ገና ጡቷ ያልወደቀ ኮረዳ። ዘፈኑም የቁም ለቅሶ ሳይሆን የዝላይ ነው። የወንድሜ ልጅ ከጓደኛዋ ጋር ሳሎኑ መሃል እንደ ፈንዲሻ ሲፈናጠሩ፣ እኔ መቀሴን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ሌላ ሸክላ ነው ብዬ ሞገትኩ፤ ሽፋኑ ያው፣ ኮቱ ያው፣ ፍሪጁም ያው። ግጥሙን በስልኳ አስተረጎመችው። ስለ ምን ነው ብለህ ጠይቀኝ። ስለ አዲስ ብስክሌት! የሞተም፣ የናፈቀም የለም፤ ልጅቷ ብስክሌት ተገዝቶላት ነው። ለማን ስናለቅስ እንደኖርን እግዜር ይወቀው።

አንድ ነገር ግን አናዶኛል፤ ደወሉን ቆርጠው ጥለውታል። አዲሱ እትም ላይ ደወል የሚባል ነገር የለም። የወንድሜ ልጅ "አክስቴ፣ ይኸው እየመታ አይደል!" ትለኛለች፤ እኔን ደስ ለማሰኘት ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አንድም ደወል አልሰማሁም! ማጫወቻህ ሲጠገን አሮጌው ላይ መኖሩን አረጋግጥልኝና ለአታሚዎቹ የስድብ ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን።

ስለዚያ ስለ ጠየቅከኝ ነገር ቶሎ አትበለኝ። እሺ አላልኩም፤ እምቢም አላልኩም። በዚህ ዕድሜ ሰው ቤት ሲቀይር ሻንጣ ብቻ አይደለም ይዞ የሚሄደው። ያኔ የምታውቃት ልጅ የምትመጣ ከመሰለህም አትመጣም፤ ጥላን ሄዳለች። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።

ልብስ ሰፊዋ


መጋቢት 8

ይድረስ ለእሜቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ጮክ ብዬ ስቄ ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንግጦ መጣ። ግማሽ ጢሙን የተላጨ ደንበኛውም አረፋውን ይዞ ተከትሎት ገባ። ነገሩን ስነግራቸው ማን ይመነኝ! ቺንጋ አግኝቼ ነበርና እዚያው አጫወትኩላቸው።

ጥፋቱ የት እንደሆነ ላስረዳሽ፤ መሐንዲስ ብለሽኝ የለ። ያኔ የምናውቃቸው ትልልቅ ሸክላዎች ሁሉ በደቂቃ ሠላሳ ሦስት ጊዜ የሚዞሩ ነበሩ። በአርባ አምስት የሚዞሩት ትንንሾቹ ናቸው። የክበባችን ማጫወቻ የፍጥነት መቀየሪያ ማንሻው እየተንሸራተተ ስላስቸገረኝ ሠላሳ ሦስት ላይ አድርጌ በመዳብ ሽቦ ጥርቅም አድርጌ አሰርኩት። ይህ የጥርስ ሐኪሙ ሸክላ ግን ትልቅ ሆኖ ሳለ በአርባ አምስት የሚዞር ነው። መሃሉ ላይ ቁጥሩ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል፤ ማንም አላነበበውም፤ እኔም ጭምር። አሁን መነጽር አድርጌ አነበብኩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ያቺ ምስኪን ልጅ በብስክሌቷ እየፈነጠዘች ስትበር፣ እኛ ጎትተን ጎትተን ሚስት የሞተበት ወንድ አደረግናት። ያ ሁሉ ዝግ ያለ ዳንስ፣ ጉንጭ ለጉንጭ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ለብስክሌት ነበር!

ብዙ ሳቅኩ፤ ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ግን ከፋኝ። ወጣትነታችን በተሳሳተ ፍጥነት የተጫወተ መሰለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ልጅቷን ወደዳት፤ "እንዲህ ነው እንጂ ዘፈን!" ብሎ ወገቡን እየነቀነቀ ወጣ። እኔ ግን ሐዘንተኛዬን ነው የፈለግኩት።

ስለ ደወሉ አረጋግጥልኝ ብለሽኝ ነበር። አለ። በአሮጌው ሸክላ ላይ አለ፤ አዲሱንም በስልኬ ሰማሁት፣ እሱም ላይ አለ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይመታል፤ በትክክለኛው ፍጥነት ቀጭንና ጥርት ያለ ነው። የወንድምሽ ልጅ አልዋሸችሽም።

እሜቴ፣ ይህን ከጻፍኩ በኋላ የድሮ ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ እንደገና አነበብኳቸው። ልጠይቅሽ የምፈልገው ነገር አለ፤ ከቀልድ ጋር መደባለቅ ስላልፈለግኩ ለብቻው እጽፍልሻለሁ። ስትቀበይው እንዳትቆጪ።

ያንቺው መሐንዲስ


መጋቢት 29

ለመሐንዲሱ፣

ሁለተኛው ደብዳቤህ ደርሶኛል። እንዳትቆጪ ብለህ ነበር፤ ተቆጣሁ። ተቆጥቼ ቀድጄ፣ የቀደድኩትን መልሼ ገጥሜ አነበብኩት።

ለመሆኑ ሐኪም ነህ? ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ይሰማሻል ወይ፤ ጠዋት ወፎች ይሰሙሻል ወይ፤ ከኋላሽ ሲጠሩሽ ትዞሪያለሽ ወይ፤ ስልክ የማታነሺው ለዚህ ነው ወይ። አራት ጥያቄ ደርድረህ እንደ ሬዲዮ ፈታታኸኝ። ቢያንስ ካቻቢቴህን አስቀምጠህ ብትጠይቀኝ ምናለ!

እሺ። አዎ። ለአራቱም መልሱ አንተ የፈራኸው ነው።

መጀመሪያ ወፎቹ ጠፉ፤ እነሱ ሄዱ እንጂ ጆሮዬ ሄደ ብዬ አላሰብኩም። ቀጥሎ ማንቆርቆሪያውን ውኃው አልቆ እያረረ ማግኘት ጀመርኩ። ሐኪሙ "ቀጫጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው" አለኝ። የሴት፣ የሕፃን፣ የደወል ድምፅ። የወንድሜ ልጅ ስታወራ ቃሉ ጫፍ ጫፉ ተቆርጦ ይደርሰኛል፤ የቀረውን ከከንፈሯ እለቅማለሁ። ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም። ጆሮ ላይ የሚሰካ መሣሪያም ሰጥተውኝ ነበር፤ የሳህኑን ኳኳታ ጭንቅላቴ ውስጥ ይከትልኛል እንጂ ሰው አያሰማኝም፤ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እዚህ ሰፈር "ልብስ ሰፊዋ ኮራች፤ ሰላም ሲሏት አትመልስም" ተብዬ ስታማ ከርሜያለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ የሰማሁት ከሁሉ በኋላ ነው። የኔ ጆሮ ደግሞ ይኸው ከባዳም ባዳ ሆነ። ጆሮዬ አልሰማ ብሎኝ ነው ከማለት ኩሩ መባልን መረጥኩ። አንተም ላይ የሆነው ይኸው ነው፤ የአየሩን ጠባይ ሁለት ገጽ የጻፍኩልህ ሌላ የምለው አጥቼ ነው።

እንግዲህ መልሴን እንካ። አልመጣም።

አንተ ዕድሜህን በሙሉ ድምፅ ስትጠግን የኖርክ ሰው ነህ። ዜናው፣ ድራማው፣ ዘፈኑ ቤትህ ሙሉ ነው። ራት በልተን ሬዲዮ ስትከፍት ከማን ጋር ትስቃለህ? አንድ ነገር ሦስቴ እየደገምክ ስትነግረኝ የመጀመሪያው ሳምንት ያሳዝንሃል፤ ሁለተኛው ያደክምሃል፤ ሦስተኛው ላይ ዝም ማለት ትጀምራለህ። ያን ዝምታ ለማየት ብዬ ቤቴን ለቅቄ አልመጣም። ቤቱን ሽጥለትና ልጅህ ጋ ሂድ። እዚያ የልጅ ልጆችህ ይጮኹልሃል።

አልወድህም ማለቴ እንዳይመስልህ። እሱ በጭራሽ አይደለም። ያቺ በመጨረሻው ደወል የምትመለሰው ልጅ ሌላው ሁሉ ቢጠፋትም ያ አልጠፋትም።

ጽሕፈትህ ደግሞ ምን ነካው? እንደ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው፤ ለማንበብ ዓይኔ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ


ሚያዝያ 11

ይድረስ ለእሜቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ እሱ ይቀላል። ጽሕፈቴ የተበላሸው እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። ከጀመረኝ ቆየ። የመበየጃውን ስታኞ ከሽቦው ጋር ማገናኘት አልችልም፤ አንዱን ጫፍ ስይዝ ሌላው ይሸሸኛል። ባለፈው የአንዲት እናት ሬዲዮ አበላሽቼ የራሴን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። ሱቁን የዘጋሁት ልጄ ስለጠራኝ አይደለም፤ እሱ የጠራኝ ስላየኝ ነው። ሰበብ አድርጌው ነው የጻፍኩልሽ። ሳህን ስይዝ የማሰማውን ኳኳታ ባትሰሚው ነው የሚሻለው።

ስለዚህ "ድምፅ ስትጠግን የኖርክ" ያልሽው ሰውዬም ሄዷል፤ ጥሎኝ።

የከንፈር ነገር ገብቶኛል። የሦስተኛው ሳምንት ዝምታ ያልሽው ግን የሚመጣ አይመስለኝም። ዝም ያልኩበትን ጊዜ አስታውሺና ንገሪኝ፤ የለም። መቼም በዚህ በኩል ስሜ የታወቀ ነው።

ይህ ደብዳቤ ከአንድ ካርቶን ጋር ይደርስሻል። ውስጡ ማጫወቻዬና ሸክላው አሉ። የአውቶቡሱን ረዳት "እንቁላል ነው" ብዬ ነው ያስያዝኩት፤ እንዲጠነቀቅ። ማንሻውን ሠላሳ ሦስት ላይ አድርጌ በሽቦ አስሬዋለሁ። በሚንቀጠቀጥ እጅ የታሰረ ስለሆነ አስተሳሰሩን አይተሽ እንዳትስቂ።

ለምን እንደላክሁልሽ ልንገርሽ። ሸክላ ሲዘገይ ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የሚቀንሰው፤ ድምፁም ይወርዳል፣ ይወፍራል። ልጅቷም ትወርዳለች፤ ደወሉም ይወርዳል። ሐኪሙ ቀጭኑ ሄዷል አለሽ፤ ወፍራሙ ሄዷል አላለሽም። ደግሞም አስቢው እስኪ። ያ ቀጭን ድምፅ ከአንቺ የተወሰደ አይደለም፤ ድሮም አልሰማሽውም። አንቺም እኔም የምናውቀው ወፍራሙን ነው። እሱ ያለበት ቦታ ጆሮሽ ገና ክፍት ይመስለኛል። ላይሆንም ይችላል፤ እንግዲህ ሞክሪው።

ድምፁን ከፍ አድርጊና የማጫወቻውን ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ መዳፍሽን በላዩ አሳርፊ።

መልስሽን ሰምቻለሁ። ሁለተኛ አልጠይቅሽም፤ ልመና እንዳይሆንብኝ። ዳቦ ጋጋሪው በግንቦት የመጨረሻው ቅዳሜ ሊፈርም ይመጣል። ሸክላው ግን የትም ብሄድ ካንቺ ጋር ይቅር።

ያንቺው


ግንቦት 14

ለመሐንዲሱ፣

በወንድሜ ልጅ ስልክ የደረሰህ "አትሽጥ" የሚል መልእክት የኔ ነው። "እባክዎን" የሚለውን የጨመረችው እሷ ነች፤ እኔ አላልኩም።

ወዲያው "ምን ተገኘ? እንዴት ሐሳብሽን ቀየርሽ?" ብለህ መልሰሃል። ታገስ፣ ልነግርህ ነው።

ካርቶኑ ሲመጣ አልነካሁትም፤ ተናድጄብህ ነበር። ደግሞም ፈራሁ። ከፍቼው ባልሰማውስ? እስካልከፈትኩት ድረስ ሐዘንተኛው አለ። አንድ ጠዋት የወንድሜ ልጅ ሥራ ከሄደች በኋላ የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ጠርጌ አስቀመጥኩት። እንደነገርከኝ መዳፌን አሳረፍኩ። መጀመሪያ ከበሮው በእጄ ገባ። ቀጥሎ እሱ መጣ።

እሱ ራሱ መጣ! ያ ሚስቱ የሞተችበት፣ ያ መርከበኛ። ከንፈር ሳላይ፣ ማንም ሳይደግምልኝ፣ ከዳር እስከ ዳር ሰማሁት። ስለ ብስክሌት መሆኑን እያወቅኩ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። ከዚያ ደወሉ መታ። ማንንም አልያዝኩም ነበር፤ ግን ተደናሽ ልቀይር እጄን አነሳሁ። የማውቀውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

የወንድሜ ልጅ ማታ ስትገባ ገና ምሳ አልበላሁም፣ ቀሚስም አልሰፋሁም። "አክስቴ፣ ተሳስቷል እኮ፤ እየተንቀራፈፈ ነው የሚዞረው" ብላ ማንሻውን ልትነካ ስትል እጇን መታሁት። ሽቦህን አይታ ሳቀች፤ እኔ ግን አልሳቅኩም።

አንድ ሸክላ ሰማሁ ብዬ የምመጣ እንዳይመስልህ። ሰው በአንድ ዘፈን አይኖርም። የምመጣው ጆሮሽን አስጠግኚና ነይ ስላላልከኝ ነው። የቱ ጋ እንደተዘጋ ሁሉም ነግሮኛል፤ ሐኪሙም፣ የወንድሜ ልጅም፣ ሰፈሩም። የቱ ጋ ክፍት እንደሆነ የፈለገልኝ አንተ ብቻ ነህ።

የእጅህን ነገር ስለደበቅከኝ ግን ስመጣ እንጣላለን። የሸሚዝህን ቁልፍ እኔ እቆልፍልሃለሁ፤ በር ሲንኳኳ አንተ ትሰማልኛለህ። ከዚህ ያነሰ ይዘው የተጋቡ አይቻለሁ። መጋባት ካልኩ አይቀር፣ ፊርማው መጀመሪያ ይሁን፤ በዚህ ዕድሜዬ ለጎረቤት አፍ መክፈቻ አልሆንም። የወንድሜ ልጅ ምስክር ልሁን ብላ ጫማ ገዝታለች።

ዳቦ ጋጋሪውን ይቅርታ ጠይቅልኝ። የፊት ለፊቱን ክፍል የምወስደው እኔ ነኝ፤ የስፌት መኪናዬ ብርሃን ይፈልጋል። መኪናው ከባድ ስለሆነ በአውቶቡስ አይሆንም፤ ልጅህ የጭነት መኪና ይዞ አንተን ሊወስድ ከነበረ፣ መንገዱን ቀይሮ ወደዚህ ይምጣና እኔን ይውሰድ።

እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ግን እመጣለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። የግራው ጆሮዬ ፈጽሞ ሞቷል፤ የምሰማው በቀኙ ነው። አልጋውን ስታነጥፍ አስብበት።

ያንተዋ